ከፈንታሌ እስከ ሃይሊ ጉቢ፦ መሬት ለምን ትንቀጠቀጣለች?

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ይነቃል፤ ልጆቹን ብርድ ልብስ አከናንቦ በደረጃ ይወርዳል፤ ግቢው ውስጥ ከጎረቤቶቹ ጋር ብርድ ሲመታው ያነጋል። በር ላይ ያለው ጥበቃ ግን «እኔ እኮ ምንም አልተሰማኝም» ይለዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

መንቀጥቀጡ የሚነሣው ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ በቀጥታ መስመር ከ130 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ካለው የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነበር። ታኅሣሥ 26 ሌሊት መጠኑ 5.5ን ያለፈ ተመዘገበ፤ የካቲት 7 አርብ ማታ ደግሞ 6.0 የደረሰ መጣ። በመካከሉ ያሉት ትንንሾቹ ተቆጥረው የሚያልቁ አልነበሩም። ዶፈን አጠገብ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎት ሲተፋ የሚያሳየው ቪዲዮ በየስልካችን ዞረ፤ ወሬውም አብሮት ዞረ። እሳተ ገሞራ ሊፈነዳ ነው፣ አዲስ አበባ ልትሰምጥ ነው፣ አገሪቱ ለሁለት ልትከፈል ነው ተባለ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ፣ በጣም ረጅም ጊዜ ከተሰጠው፣ እውነትነት አለው።

መልሱ የሚጀምረው ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ይዘነው የወጣነውን አንድ ሥዕል በማረም ነው። ከእግራችን በታች ስስ የአለት ልጣጭ አለ፣ ከዚያ በታች የሚንተከተክ የእሳት ባሕር አለ፣ እሳተ ገሞራም የዚያ ባሕር መተንፈሻ ነው ብለን እናስባለን። እንዲህ ያለ ባሕር የለም። ከምድር ገጽ እስከ መሃሏ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። የላይኛው ቅርፊት ከውቅያኖስ ሥር 7 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአህጉራት ሥር በአማካይ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። ከእሱ በታች እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ድረስ ያለው ክፍል ማንትል ይባላል፤ ማንትል ደግሞ ጠጣር አለት ነው። ፈሳሹ የሚገኘው ከዚያ በታች ነው፤ እሱም የቀለጠ ብረት እንጂ እሳተ ገሞራዎች የሚተፉት ዓይነት አለት አይደለም።

ይህን ማንም ቆፍሮ አላየውም። የሰው ልጅ የቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ፣ ሩሲያ ውስጥ ኮላ በተባለው ልሳነ ምድር ያለው፣ 12 ኪሎ ሜትር ከጥቂት ነው፤ ቅርፊቱን እንኳ አልዘለቀም። የነገረን ራሱ የመሬት መንቀጥቀጡ ነው። መሬት ስትንቀጠቀጥ ከሚነሡት ሞገዶች አንደኛው ዓይነት፣ አለቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚሄደው፣ ፈሳሽ ሲያጋጥመው ይቆማል። ይህ ሞገድ ማንትልን አቋርጦ ያልፋል፤ የብረቱ እንብርት ላይ ሲደርስ ግን ይጠፋል። የማንትልን ድንጋይ በእጁ መያዝ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጎጃም፣ እንጅባራ አካባቢ ይሂድ። ጥንት ከጥልቅ በፍጥነት የወጣው ላቫ ከማንትል እየቦጨቀ ያመጣቸው አረንጓዴ ቁርጥራጮች በጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ተሰክተው ይታያሉ። አረንጓዴው ኦሊቪን የተባለው ማዕድን ነው፤ የላይኛው ማንትል አብዛኛው ክፍል የተሠራው ከእሱ ነው።

ጠጣር ቢሆንም ታዲያ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ ማንትል ይተጣጠፋል፣ በዓመት በሴንቲ ሜትር እየተለካም ይፈስሳል። የጋለው ቀስ ብሎ ይነሣል፣ የቀዘቀዘው ይሰምጣል። ሙቀቱ ከፊሉ ምድር ስትፈጠር የተረፈ ነው፤ ከፊሉ አለቱ ውስጥ ያሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም እየፈራረሱ የሚያመነጩት ነው። ቅርፊቱና ከሥሩ ያለው የማንትል ቀዝቃዛ ክፍል ተጣብቀው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ድርቅ ያለ ንጣፍ ይሆናሉ። ንጣፉ አንድ ወጥ አይደለም፤ በሰባት ትልልቅና በብዙ ትንንሽ ቁራጮች ተከፋፍሏል። ፕሌት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እያንዳንዱ በዓመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የሚያንቀሳቅሳቸው ከሥራቸው የሚፈስሰው የጋለ አለት ብቻ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር፤ ዛሬ ተመራማሪዎች ትልቁን ድርሻ የሚሰጡት አርጅቶና ቀዝቅዞ ወደ ማንትል እየሰመጠ ቀሪውን አካል ይዞ ለሚጎትተው የፕሌቱ ጫፍ ነው።

አህጉራት ይጓዛሉ የሚለውን ሐሳብ አደራጅቶ ያቀረበው ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬግነር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ተናገረው፣ በ1915 መጽሐፍ አደረገው። የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ ዳርቻዎች መግጠማቸውን፣ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት አለትና አንድ ዓይነት የጥንት እንስሳት ቅሪት መገኘቱን አሳየ። ምን እንደሚያንቀሳቅሳቸው ግን ማስረዳት አልቻለምና ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሞተ።

ለእኔ ከእሱ ይልቅ የሜሪ ታርፕ ታሪክ ይበልጥ ያስደንቀኛል፤ እኛንም ይነካናል። ታርፕ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጣቢያ የካርታ ሥራ ላይ ነበረች። ሴት በመሆኗ የምርምር መርከብ ላይ እንድትሳፈር አይፈቀድላትም። ወንዶቹ ባልደረቦቿ በድምፅ ሞገድ የለኩትን የአትላንቲክ ወለል ጥልቀት ያመጡላታል፤ እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ነጥብ በነጥብ ትሥለዋለች። ውቅያኖሱ መሃል ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት እንዳለ ይታወቅ ነበር። እሷ ያየችው ግን የሰንሰለቱ አናት ላይ፣ በየመስመሩ እየደጋገመ የሚመጣ ሸለቆ ነው። ስምጥ ሸለቆ መሆኑን ስትናገር የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን የሴት ወሬ ብሎ አጣጣለው፤ ልክ ከሆነች ቬግነርም ልክ ሊሆን ነዋ! በኋላ ሌላ ሠራተኛ የርዕደ መሬት መነሻዎችን በተመሳሳይ ሚዛን ካርታ ላይ ሲያሰፍር ነጥቦቹ ሸለቆው ላይ ተደረደሩ። መስመሩን እየተከተሉ ሲሄዱ አትላንቲክ ላይ አላቆመም፤ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ገባ። ታርፕ ከባሕር በታች ያየችው፣ እኛ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ ስንወርድ በመኪና መስኮት የምናየው ዓይነት ነገር ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የውቅያኖስ ወለል ከመሃል እየተወለደ ወደ ሁለቱም ጎን እንደሚሄድ ተረጋገጠ። የኒውክሌር ፍንዳታን ለመከታተል ሲባል በዓለም ዙሪያ የተተከለው የርዕደ መሬት መመዝገቢያ መረብም መሬት የት የት እንደምትንቀጠቀጥ አጥርቶ አሳየ። ከጣቢያዎቹ አንዱ የአዲስ አበባው ነበር፤ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን (ጄስዊት) ማኅበር አባል ፒየር ጉዌን ያቋቋመው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ። ጉዌን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ እየለቀመ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም የሚጠቀስ ነው።

ካርታው ላይ የሚታየው ነገር ቀላል ነው፦ ፕሌቶች መሃላቸው ላይ ዝም ይላሉ፣ ጠርዛቸው ላይ ይረብሻሉ። ሁለት ፕሌቶች ጎን ለጎን የሚተሻሹበት ቦታ ላይ፣ እንደ ካሊፎርኒያና እንደ ሰሜን ቱርክ፣ ትልልቅ መንቀጥቀጥ አለ፤ እሳተ ገሞራ ግን ብዙም የለም። የሚጋጩበት ላይ፣ ሁለቱም አህጉር ከሆኑ፣ እንደ ሂማላያ ያለ ተራራ ይቆለላል፤ አንደኛው የውቅያኖስ ወለል ከሆነ ግን ከሌላው ሥር ይገባል። እርጥብ ሆኖ ነው የሚገባው። ውሃው በጥልቀት ሲለቀቅ የአለቱን መቅለጫ ሙቀት ስለሚያወርደው ከላይ ያለው ማንትል ይቀልጣል፤ የጃፓን፣ የኢንዶኔዥያና የቺሊ እሳተ ገሞራዎች ከዚህ የመጡ ናቸው። በዓለም የተመዘገቡት ታላላቅ ርዕደ መሬቶችም የዚሁ መስመር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ቺሊ ላይ 9.5፣ በ2004 ሱማትራ ላይ 9.1፣ በ2011 ጃፓን ላይ 9 ገደማ። ሦስተኛው ዓይነት ጠርዝ ፕሌቶች የሚለያዩበት ነው። ይህ በአብዛኛው ከባሕር በታች ስለሆነ የሚያየው የለም። በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ የሚታይባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ዋናዎቹ አይስላንድና አፋር።

የእኛው ታሪክ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይጀምራል። ከጥልቅ የመጣ ከፍተኛ ሙቀት የአካባቢውን ማንትል አነሣው፤ ላቫ በስንጥቆች እየወጣ አገሩን ንብርብር በንብርብር አለበሰው፣ አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ደረሰ። የሰሜን ተራሮች ገደል ላይ አግድም የሚታዩት ደረጃዎች የዚያ ንብርብር ጠርዞች ናቸው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ አለት ነው። ደጋችን ደጋ የሆነው ከሥሩ ያለው ማንትል ግሎ ወደ ላይ ስለሚደግፈውም ጭምር ነው። ያ ሙቀት ከላይ ያለውን ንጣፍ አዳከመውና ሦስት ቁራጮች መለያየት ጀመሩ፦ የአረቢያ፣ የኑቢያ ማለትም አብዛኛው አፍሪካ፣ እና የሶማሊያ ፕሌት። ሦስቱ የሚገናኙት አፋር ላይ ነው። አረቢያ ከአፍሪካ በዓመት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች፤ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የተከፈቱት እንዲሁ ነው። የሶማሊያ ፕሌት ደግሞ በመሃሉ ስምጥ ሸለቆ በኩል በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይለያል። ከሻላ ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው ገበሬና በስተምዕራብ ያለው ገበሬ በየዓመቱ በዚያ ያህል ይራራቃሉ ማለት ነው።

ጠጣር ነው ያልነው ማንትል ታዲያ ኤርታሌ ላይ እንዴት ቀልጦ ይወጣል? ቁልፉ ከሙቀት ይልቅ ጫናው ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ምፅዋ ላይ በ100፤ ደጋ ላይ የአየሩ ጫና ስለሚቀንስ ማለት ነው፣ ባቄላም ደጋ ላይ ለመብሰል የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። አለትም እንደዚያው ነው፤ የሚያቀልጠው ሙቀት ቀድሞውኑ አለው፣ ከላዩ የተጫነው ክብደት ግን እንዳይቀልጥ ይይዘዋል። ፕሌቱ ሲሳሳብና ሲሳሳ ከሥር ያለው አለት ወደ ላይ ይመጣል፣ ጫናው ይቀልለታል፣ ጥቂቱ ይቀልጣል። የቀለጠው ከጠጣሩ ይልቅ ቀላል ስለሆነ መንገድ ይፈልጋል። ቅልጥ አለቱ ከመሬት በታች ሳለ ማግማ፣ ከወጣ በኋላ ላቫ ይባላል።

አሁን ወደ መስከረም 1998 ዓ.ም. እንሂድ፤ በእኔ ግምት በአገራችን የሥነ ምድር ታሪክ ውስጥ ከታዩት ሁሉ የሚበልጠው የዚያን ጊዜው ነው። በሰሜን አፋር፣ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ከዐውደ ዓመቱ ጥቂት ቀናት በኋላ መሬቱ መንቀጥቀጥ ያዘ፣ ለሳምንታትም አላቆመም። በደመራ ዕለት፣ መስከረም 16፣ ዳዑሬ የተባለው ቦታ ላይ መሬቱ ተቀዶ አመድ ወደ ሰማይ ወጣ። አካባቢው ጨለመ፤ አርብቶ አደሮች ግመልና ፍየላቸውን እየነዱ ሸሹ። ላዩን ሲያዩት ትንሽ ፍንዳታ ነበር። የሳተላይት ራዳር ምስሎች ሲተነተኑ ግን ሌላ ነገር ተገለጠ። ከመሬት በታች ማግማ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ቀጥ ያለ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ስንጥቁ በሰፊው ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። የገባው ማግማ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ፕሌቶቹ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር የሚለያዩ ከሆነ 8 ሜትር የ400 ዓመት ጉዞ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ተጠናቀቀ። ስምጥ ሸለቆ የሚከፈተው እንዲህ ነው። ፕሌቶቹ ዘወትር ይሳሳባሉ፤ ጠርዙ ግን ለመቶዎች ዓመታት ይዞ ይቆያል፣ ውጥረቱ ይከማቻል። ከዚያ አንድ ቀን ማግማ ያንን ውጥረት ተጠቅሞ እንደ ስስ ግድግዳ ይገባበታል፣ መሬቱም በአንድ ጊዜ ይላቀቃል። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ እዚያው መስመር ላይ ሌሎች ደርዘን ያህል እንዲህ ያሉ ትንንሽ ግድግዳዎች ተከታትለው ገቡ። ጎረቤት ጅቡቲ፣ አሳል ሐይቅ አጠገብም እ.ኤ.አ. በ1978 አርዱኮባ ሲፈነዳ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል።

የዓለም መገናኛ ብዙኃን ስለ አዲስ ውቅያኖስ የጻፉት ከዳባሁው ክስተት በኋላ ነው። የባሕር በር ነገር ለእኛ ቀልድም ቁም ነገርም ስለሆነ ወሬው በየጊዜው ይመለሳል። ሐሳቡ መሠረት አለው። ዳሎል ዛሬም ከባሕር ጠለል 125 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው፤ አሞሌው የሚቆረጥበት ጨው ራሱ ቀይ ባሕር በየዘመኑ እየገባና እየደረቀ የተወው ነው። መለያየቱ ከቀጠለ ባሕሩ ይመለሳል። ቀጠሮው ግን በሚሊዮን ዓመት ነው፤ ወደብ ለማቀድ አይረዳም።

የመሬት መንቀጥቀጥን አሠራር ግልጽ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው ነው። አሜሪካዊው ሃሪ ፊልዲንግ ሪድ ስንጥቁን የሚያቋርጡ አጥሮችና መንገዶች በሜትር እየተቆረጡ ወደ ጎን መሄዳቸውን መረመረ። ድምዳሜው፦ አለት ይለጠጣል። በስንጥቁ ሁለት ጎን ያሉት ቁራጮች ሊሄዱ ይሻሉ፣ ሰበቃው ይይዛቸዋል፤ ለአሥርና ለመቶ ዓመታት ቀስ እያሉ ይጎብጣሉ። ሰበቃው ሲሸነፍ ወደ ቦታቸው ይፈናጠራሉ፤ የሚያናውጠን ያ መፈናጠር የላከው ሞገድ ነው። በዚህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ትልቁ ቀድሞ ይመጣል፣ ተከታዮቹ እያነሱ ይሄዳሉ። ማግማ ሲገባ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ ትንሽ፣ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ እንደገና ትልቅ እያለ ለሳምንታት ይቀጥላል። ማግማው ወደፊት በገሰገሰ ቁጥር ከፊቱና ከጎኑ ያሉትን ስንጥቆች ይገፋልና። በፈንታሌና በዶፈን መካከል የታየው ይህ ነው። ሳተላይቶችም መሬቱ በመሃል ሰጥሞ በሁለት ጎን ሲነሣ መዝግበዋል፤ ይህም የማግማ ግድግዳ በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ እንደገባ ያሳያል።

እንግዲህ ሊፈነዳ ነው ወይ ለሚለው መልሱ፦ ሊሆን ይችል ነበር፣ አልሆነም። ከመሬት በታች የሚገባ ማግማ አብዛኛው እዚያው ይቀዘቅዛል። ዶፈን ላይ የወጣው እንፋሎት የከርሰ ምድር ውሃ ግሎ የወጣ እንጂ ላቫ አልነበረም። ቢሆንም ለአካባቢው ሰው ልዩነቱ ብዙም አያጽናናም፤ ቤታቸው የተሰነጠቀ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል፣ በአካባቢው ያለው የከሰም ግድብም የሁሉም ሥጋት ሆኖ ከርሟል።

ስለ መጠኑ አንድ ነገር ልበል። ዜናው ሁሉ «በሬክተር ስኬል» ይላል፤ ቻርልስ ሪክተር እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው መለኪያ ግን ለትልልቆቹ ስለማይሠራ ባለሙያዎቹ ከተዉት ቆይተዋል፤ ዛሬ መጠኑ የሚሰላው የተሰበረው ስንጥቅ ስንት ስፋት እንዳለውና ምን ያህል እንደተንሸራተተ ታይቶ ነው። ቁጥሩ አታላይ ነው። አንድ ነጥብ ሲጨምር ጉልበቱ ወደ 32 እጥፍ ያድጋል፣ ሁለት ነጥብ ሲጨምር 1,000 እጥፍ። የካቲት 7 ያስደነገጠን 6.0 እና እ.ኤ.አ. በ2023 ቱርክን የመታው 7.8 በቁጥር ሲታዩ ቅርብ ይመስላሉ፤ የቱርኩ በጉልበት 500 እጥፍ ይሆናል። ስምጥ ሸለቆአችን ላይ ንጣፉ የሳሳና የጋለ ስለሆነ እንደ ጃፓን 9 የሚደርስ ነገር ማከማቸት አይችልም። የተመዘገበው ታሪካችን ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ ከ6 እስከ 7 መካከል ናቸው።

አሁን ወደ አራተኛው ፎቅና ወደ ጥበቃው። ሞገድ ሲጓዝ ፈጣኑ እርግብግቢት በመንገድ ላይ ይሟሽሻል፤ 150 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚደርሰው በአብዛኛው ዘገም ያለው ውዝዋዜ ነው። ረዥም ሕንፃ በተፈጥሮው ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ ስለሆነ ከዚህ ሞገድ ጋር ይገጥማል፣ ውዝዋዜውም ከፍ ባለ ቁጥር ይጨምራል። መሬት ላይ የተቀመጠው ሰው ግን የሚሰማው ጥቂት ሚሊ ሜትር ዘገምተኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ማለትም ምንም። ፎቁ መወዛወዙ በራሱ ሊፈርስ ነው ማለት አይደለም፤ መወዛወዝ የማይችል ሕንፃ ይበልጥ ያሰጋል።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ ደግሞ ተራው የሃይሊ ጉቢ ሆነ። ከጎረቤቱ ከኤርታሌ በተለየ ማንም ስሙን የማያነሣው፣ ከዚያ በፊት ስለመፈንዳቱ መዝገብ የሌለው ተራራ ነው። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ወጣ፤ በየመንና በኦማን አልፎ ፓኪስታንና ሕንድ ሰማይ ላይ ደረሰ፣ በረራዎች ተሰረዙ። አፍዴራ አካባቢ የከብቱ ግጦሽ አመድ ለበሰ። ይህ አመድ የምድጃ አመድ አይደለም፤ ማግማው ውስጥ ያለው ጋዝ ሲያብጥ የፈነካከተው አለትና ብርጭቆ ነው። ከብት ሲበላው ይጎዳል፤ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ሲገባም ቀልጦ ይለጠፋል። ጋዙ በቀላሉ የሚያመልጥበት ቀጭን ላቫ፣ እንደ ኤርታሌው፣ ይፈስሳል፤ ወፍራምና ጋዝ ያመቀ ግን ይፈነዳል።

እሳተ ገሞራ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ መሬቱ ያብጣል፣ ጋዝ ይወጣል፣ ትንንሽ መንቀጥቀጥ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ከመፈንዳቱ በፊት በእነዚህ ምልክቶች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አስቀድመው እንዲወጡ ተደርጓል። የርዕደ መሬትን ቀንና ሰዓት ግን ማንም ተንብዮ አያውቅም። ስለዚህ «ዛሬ ሌሊት በ8 ሰዓት ከባድ ይመጣል፣ ከናሳ የተገኘ መረጃ ነው» የሚል መልእክት ቴሌግራም ላይ ሲደርስዎ ሳያስተላልፉ ያጥፉት።

የሚታወቀው የት እንደሚመጣና ምን እንደሚገድል ነው። ጥር 2010 እ.ኤ.አ. ሄይቲን 7.0 መታት፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሞተ። በቀጣዩ ወር ቺሊን 8.8 መታት፣ በጉልበት 500 እጥፍ የሚበልጥ፤ የሞተው 500 ገደማ ነው። ማዕከሎቹ ከከተማ የነበራቸው ርቀት ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ልዩነት ቺሊ ውስጥ ሕንፃ የሚሠራው በኮድ መሆኑ ነው። እኛም ዘንድ ትዝታው አለ። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ወጣቷን አዲስ አበባ አናወጣት፤ ያኔ ሊወድቅ የሚችል ፎቅ የለም ማለት ይቻላል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ካራቆሬን የመታው ማጀቴን አፈራረሰ፤ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሰርዶ ፈርሳ ሰዎች ሞቱባት።

ኢትዮጵያ ርዕደ መሬትን የሚመለከት የሕንፃ ኮድ አላት፤ በ1995 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ታድሷል። ወረቀቱ ላይ ችግር የለም። ችግሩ ሳይቱ ላይ ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው ኮለኑ ላይ ቆም ብሎ ስታፋውን ይመልከት። ስታፋ ማለት ቀጥ ያሉትን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት ነው፤ በተለይ ኮለኑ ከሶሌታው ጋር በሚገናኝበት ላይ መቀራረብ አለበት፣ ጫፎቹም ወደ ኮለኑ ውስጥ መታጠፍ አለባቸው። ሕንፃው ሲወዛወዝ ኮንክሪቱ እንዳይፈነዳ የሚይዘው እሱ ነው፤ ሒሳብ ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚራራቀውም እሱ ነው። ሌላው፣ ለመሥራት እንዲቀል ብለው ኮንክሪቱ ላይ የሚያፈስሱት ተጨማሪ ውሃ ነው። ሦስተኛው በየመንገዱ የምናየው፣ ከላይ በብሎኬት ግድግዳ የተሞላ፣ ምድር ቤቱ ግን ሱቅ ስለሆነ በኮለን ብቻ የቆመ ሕንፃ ነው። በቱርክም በሌላም አገር እንዲህ ያለው ሕንፃ ሲወድቅ ምድር ቤቱ ይጨፈለቃል፣ ላይኛው በላዩ ይቀመጥበታል።

መንቀጥቀጡ ሲጀምር ፎቅ ላይ ከሆኑ ወደ ደረጃ አይሩጡ፤ ከመስታወትና ከቁም ሣጥን ርቀው ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡ፣ ካልተገኘ ወለል ላይ ተቀምጠው ራስዎን በክንድዎ ይሸፍኑ። ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ምድር ቤት በር አጠገብ ከሆኑና ደጁ ሜዳ ከሆነ መውጣቱ ይሻላል፤ በተለይ ቤቱ የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ ካለው። ሲያቆም የጋዝ ሲሊንደሩን ይዝጉ፣ ጫማ ያድርጉ፣ በደረጃ ይውረዱ፤ ሊፍቱን ይተዉት። ከወጡ በኋላ ከግንብ አጥርና ከመብራት ምሰሶ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ የሚከተለው መንቀጥቀጥ የላላውን የሚጥለው ያኔ ነው።